ሳሎን ውስጥ ያደረው ድረ ገጽ

ጡረተኛው የሬዲዮ መኮንን ሻለቃ ኃይለማርያም፣ ነጌሌ ከተማ ከጦር ካምፑ አጠገብ ካለው ጄኔሬተር አከራይ ሱቅ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ፣ ከጎረቤታቸው ልጅ ከረሆቦት ጋር ተገጣጠሙ። እሷም እንደ እሳቸው ድረ ገጽ ትሠራለች፤ ኮሌጅ ግን ገና አምና ነው የጨረሰችው።

«አካም ጋሼ፣ ናጋ?»

«ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ ልጄ! መብራት ከጠፋ ጀምሮ የእነ ኢክራም የማር ማኅበር ድረ ገጽ አይከፈትም። ማራቸውን ሊገዛ ያሰበው የአዲስ አበባ ነጋዴ ደግሞ ዛሬ ገጹን አይቶ ይወስናል። ጄኔሬተሩን ሁሉ ሰው ቀድሞኝ ተከራይቶታል።»

«አሁንም ሳሎንዎ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው?»

«ታዲያ የት ይሁን? ፊደል በፊደል የጻፍኩትን ሥራ ለማላውቀው ሰው ላስረክብ?»

ሻለቃው ቢኮሩ አይፈረድባቸውም፤ ከጡረታ በኋላ ብቻቸውን ተምረው ነው ለዚህ የበቁት። ሆኖም ሙያው የራስ ነው ማለት፣ የሙያው ዕቃ ሁሉ የራስ ይሁን ማለት አይደለም።

«ጋሼ፣ ቦረና ከብቱን ለማጠጣት እያንዳንዱ የየራሱን የኤላ ጉድጓድ ይቆፍራል? ጉድጓዱ የጋራ፣ ከብቱ የባለቤቱ ነው። የድረ ገጽ መሥሪያ አገልግሎትም እንዲሁ ነው። ማሽኑን፣ መብራቱን፣ ጥበቃውን በወር ክፍያ አገልግሎት ሰጪዎቹ ይችሉልዎታል፤ ሥራው የእርስዎ ነው።»

«የተዘጋጀ ቅርጽ እየጎተቱ መለጠፍ? ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው!»

«ሲያስፈልግ የራስዎን ኮድ ይጨምሩበታል እኮ።»

«ቢዘጉብኝስ?»

«ስጋትዎ ልክ ነው። የድረ ገጹን ስም በማኅበሩ ስም ያስመዝግቡ፤ የጽሑፉንና የፎቶውን ቅጂ ቤትዎ ያኑሩ። ካልተስማማዎት ዕቃዎን ይዘው ይወጣሉ።»

«እስኪ አሳዪኝ» አሉ ሻለቃው። ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው በረሆቦት ላፕቶፕና በስልኳ ዳታ፣ ሻለቃው በፍላሽ ከያዙት የገጹ ቅጂ ሥራ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ገጹ ተከፈተ። ኢክራም ተጠርታ መጣችና የማሩን ፎቶና ዋጋ ራሷ ከስልኳ አስተካከለች።

«አንዲት ዋጋ ለማስቀየር ደጅዎን ስጠና ኖሬ!» ብላ ሳቀች።

«እንግዲህ እኔ ለምን አስፈልጋችኋለሁ?» አሉ ሻለቃው፤ ቀልድ ቢያስመስሉትም ከፍቷቸዋል።

«ኧረ ገና ብዙ ይቀረናል!» አለች ኢክራም። «የአሬሮ ወረዳ ንብ አናቢዎቻችን ምን ያህል ማር እንዳላቸው በኦሮምኛ የሚያሳውቁበት ገጽ ማን ይሠራልናል? እሱ ተዘጋጅቶ አይሸጥም።»

ገዢው ደውሎ ማሩን እንደሚወስድ ሲናገር ከተማው ገና መብራት አላገኘም ነበር። ሻለቃው ወደ ረሆቦት ዞሩ።

«የቀሩትን ደንበኞቼንም አብረን እናዛውር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራቸው አይቆም፤ ዋጋቸውንም ራሳቸው ይቀይሩ። እኔም ጄኔሬተር ፍለጋ የማባክነው ቀን ይተርፈኛል።»

«በተረፈዎት ቀን ምን ሊሠሩበት ነው?»

«አሬሮ እወርዳለሁ። ገጹ ምን እንዲይዝላቸው እንደሚፈልጉ አናቢዎቹን ጠይቄ አላውቅም።»