ቶሎ የሚወድ ውሻ

«አይናከስም አልኩሽ እኮ፤ እንዲያውም ወዶሻል» አሉኝ፣ ቡራዩ ቤት ያከራዩኝ ኦቦ ገመቹ። ውሻቸው ቦቢ ጭራውን እየቆላ ጫማዬን ይልሳል። ዕቃዬ ገና ከባጃጁ አልወረደም፤ ድመቴ ውሮ እቅፌ ውስጥ ናት።

«የማላምነውም ለዚህ ነው። ዛሬ አይቶኝ ምኔን ወደደው? ውሮን እኮ ጭኔ ላይ እንድትቀመጥ ክረምቱን ሙሉ ለምኛታለሁ።»

«ታዲያ ይንከስሽ?» ብለው ሳቁና ቦቢን አስከትለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ውሮ ከእቅፌ ተስፈንጥራ ተከተለችው። ሊበላት ነው ብዬ ጮህኩ። ቦቢ ቆሞ ጠበቃት፤ አፍንጫውን አሸተተችና አብራው መራመድ ጀመረች።

«ውሮ! ነይ!»

ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም።

ባለባጃጁ «እህት፣ ላውርደው ወይስ እንመለስ?» አለኝ።

«ኮቱ፣ አዱሬ» ብለው ድመቴን በኦሮምኛ ጠሯት ኦቦ ገመቹ፤ ሁለቱንም አስገቡና በሩን ዘጉት።