የካፊያ ደረት ውስጥ ያለው ባትሪ

የጅጅጋው የግመል ደላላ ሐጂ ዴቅ እንኳን ሰው ጥላቸውንም አያምኑም። የዚያን ዕለት ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ካፊያን በባጃጅ ይዘው ወደ ወጌሻ ሲገሰግሱ፣ መንገድ ላይ ማን ቢሳፈር ጥሩ ነው? ግቢያቸው ተከራይቶ የሚኖረው ነርስ ቀናው!

«ሐጂ፣ ደህና አደሩ? በጤና ነው?»

«ምን ጤና አለ! እናትና አባቷ ለሚጥል በሽታዋ ብለው ህንድ አገር ወሰዷት፤ ደረቷ ውስጥ ባትሪ ቀብረውባት መጡ። አሁን ቆይቶ ቆይቶ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይሆናል። ጅን ነው ያስገቡባት! ወጌሻው ቆዳዋን ሰንጥቆ ያወጣልኛል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ በሐጂ አይፈረድም። ቀናው ግን ክው አለ።

«ስለ አላህ ብለው ሐጂ! ሽቦው እኮ አንገቷ ውስጥ ካለው ነርቭ ጋር ተያይዟል። ወጌሻ ከነካው ልጅቷን ያጧታል።»

«ድምፅዋስ?»

«ነርቩ ጉሮሮዋም ይደርሳል። ባትሪው ሲሠራ ድምፅዋ ይሻክራል፤ ሲያርፍ ይመለሳል። ከበዛባት ሐኪሟ ሳይቀድ ከውጭ ሆኖ ይቀንሰዋል።»

ሐጂ ከንፈራቸውን ጣሉ። እነዚህ የተማሩ ልጆች መቼም መልስ አያጡም!

«ደግሞ ሕመሟ ከዘር ነው አሉን። አያቶቼን እስከ ላይ ቆጥሬ አውቃለሁ፤ አንድም የወደቀ የለም!»

«ዘርዎን ማን ሰደበ? የዘረመል ለውጡ ስትፀነስ እሷው ላይ የተፈጠረ ነው፤ የእናቷም የአባቷም ጥፋት አይደለም። ብርቅ ሕመም ነው፣ ክኒን ብቻውን አልቻለውም። ያንን ሁሉ መድኃኒት ውጣ ቆመላት?»

ሐጂ ሳይመልሱ የካፊያ ዓይን ተገለበጠ፤ ገላዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባጃጁ ቆመ። ሐጂ እንደ ልማዳቸው ክብሪት ጭረው ጢሱን ሊያሸቷት ተጣደፉ።

«ክብሪቱን ይተዉት! በጎኗ እናስተኛት። እጇ ላይ የነበረው፣ ባትሪውን የሚቀሰቅሰው ማግኔት የት ሄደ?»

ማግኔቱ ሐጂ ኪስ ውስጥ ነበር። የጠንቋይ ክታብ መስሏቸው ማለዳ ፈትተው ደብቀውታል። አሁንም ለመስጠት አመነቱ። የልጅቷ ከንፈር ሲጠቁር ግን አወጡት። ቀናው ደረቷ ላይ፣ ባትሪው ባለበት አሳለፈው። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ካፊያም ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

«ዳነች?» አሉ ሐጂ።

«አልዋሽዎትም ሐጂ፣ አልዳነችም። ክኒኗንም አታቋርጥም። ባትሪው ሁሉንም ልጅ አይረዳም፤ ለረዳው ግን መውደቁ ይቀንስለታል፣ ያጥርለታል። ትምህርት ቤት ይውላል፤ እናቱም እንቅልፍ ታገኛለች።»

«ሁሉን ይፈውሳል» ቢላቸው ኖሮ ሐጂ ባላመኑት ነበር። የዕቃውን ጉድለት አስቀድሞ የሚናገር ሻጭ ግን በገበያ ዘመናቸው ሁሉ እምብዛም አልገጠማቸውም። ስልካቸውን አውጥተው ወጌሻው ጋ ደወሉ።

«አትጠብቀን፣ አንመጣም።»

ከዚያ ወደ ቀናው ዞረው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«በል ማግኔቱን አምጣው። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ፤ አንተ ሥራ ስትውል አብሬያት የምውለው እኔ ነኝ።»