በአራት ሰከንድ የተሸፈነው ስም

ባለፈው ማክሰኞ ጉርድ ፎቶ ልነሣ ከቤት ወጣሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንዲት ጉዳይ ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ነው የማሽሞነሙናት። ባለቤቴ «ማስተማሩ ቀረ፣ በሰው ነገር መግባቱ ግን አልቀረም» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት በመሐረብ የተጠቀለለ ፍላሽ ጨብጠው ቆመዋል። ይገባሉ ብዬ ብጠብቅ አይገቡም።

«ይግቡ እንጂ፣ ቀድመውኝ ነው የመጡት» አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ። የኔ ነገር ሰው ያስቀይማል» አሉኝ።

እንዲህ ተብሎ ዝም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን አይደለሁም። አብረን ገባን።

ባለ ፎቶ ቤቱን ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ጋሽ ቀስ በሉ» በሚል ቅጽል ነው። ካሜራ ተሸክመው ሙሽሮችን «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ሲሉ ሠላሳ ዓመት ሆናቸው። ሰው ቀስ ካላለላቸው ደግሞ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ራሳቸው ቀስ ያደርጉታል። እቅፉም ሳቁም እንባውም በዝግታ ነው የሚያልፈው፤ ደስታ ቶሎ ማለፍ የለበትም ባይ ናቸው። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ተቀምጣለች። የቪዲዮ ቅንብር ተምራ በቅርቡ አብራቸው መሥራት ጀምራለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ የያዘችውን ግን የማትለቅ ልጅ ናት።

«ዓምና የልጄን ሠርግ የቀረጹልን እርስዎ ነዎት» አሉ እናትየዋ። «ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ወርም አልቆየም።»

ሁላችንም ነፍስ ይማር አልን።

«ልጄና አባቷ በሠርጉ ጉዳይ ተኳርፈው ነበር። ቀጭን ስለነበረች ከልጅነቷ ጀምሮ ጭራሮዬ ነበር የሚላት። ከተኳረፉ ወዲህ ግን ያንን ስም አፉ ላይ አላመጣውም። የሠርጉ ዕለት አቅፎ ሲለቃት ጠራት። አጠገባቸው ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ እያለቀሰች ስለነበር አልሰማችም። አሁን ‹አባዬ ሳይታረቀኝ ሄደ› እያለች ራሷን ትጎዳለች። ስነግራት፣ ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው ትለኛለች። ቪዲዮው ላይ እቅፉ አለ፣ ጥሪው ግን የለም።»

የጋሽ ቀስ በሉ ፊት ተለዋወጠ። «እኔ የሰው ቃል አልቆርጥም እመቤቴ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድ ሰው እንኳ ቃል ጎደለብኝ ብሎ አልመጣብኝም።»

«አጎቴ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «የጎደለውን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይመጣል?»

አጎቷ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። እሷም ሳትቆጣ ፍላሹን ከእናትየዋ ተቀብላ አየችና የዚያኑ ሠርግ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። ክሊፕ የሚባሉት ቁርጥራጭ ምስሎች ተራ ይዘው የሚሰለፉበትን መስመር፣ ታይምላይን የሚሉትን፣ ለእኔም እንዲታየኝ ስክሪኑን አዞረችልኝ።

«እቅፉ አራት ሰከንድ ነበር። ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንሱት ስምንት ሆነ። የተጨመረው አራት ሰከንድ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ስላልተለቀቀለት ቀጥሎ ያለው ክሊፕ ላይ ወጣበት። መጀመሪያውን ከነድምፁ ሸፈነው።»

«ጠፋ ማለት ነው?» አሉ እናትየዋ።

«ዋናው ቀረጻ ካለ አልጠፋም።»

ሁላችንም ወደ ሽማግሌው ዞርን። መሳቢያቸውን ሳቡ። የየሠርጉ ቀረጻ ቀን ተጽፎበት ተደርድሯል። «ቀረጻ አልጥልም» አሉ። ወዲያው ግን መሳቢያውን መልሰው ዘጉት። «ያለቀ ሥራ ግን አልነካም። አንድ ጊዜ ቦታ ልልቀቅ ብዬ ምስሉን ሁሉ ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ ድምፁ እዚያው ቀረ። ሙሽራው አፉን ሳይከፍት ይናገራል፣ ተናግሮ ሲጨርስ አፉን ይከፍታል። ቤተ ዘመዱ ተሰብስቦ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ አልገፋም።»

ለካስ ነገሩ እዚህ ጋ ነበር። እኔ ግትርነት ነው ብዬ ምክሬን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ሰውየው ግን የፈሩት ያንን ሳቅ ነው። ምክሬን ዋጥኩት።

ልጅቷ ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች። «መግፋትዎ ስህተት አልነበረም፣ አጎቴ። ያኔ ድምፁን ከምስሉ ፈትተውት ነበር። አሁን እንደታሰሩ ናቸው። ፍጥነቱን ስንቀይር ‹ተከታዮቹን ግፋ› የሚለውን ከመረጥን አብረው ይሄዳሉ። የሙዚቃውን መስመር ብቻ እንቆልፈዋለን፣ እንዳይቆረጥ።»

«ቢበላሽስ?»

«ኮፒው ነው የሚበላሸው። የእርስዎን ሥራ እንዳለ አስቀምጠን ኮፒውን ነው የምንነካው። ዝግታዎንም አልወስድብዎትም። ያን እቅፍ በዝግታ ሳየው እኔም አልቅሻለሁ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። «በይ አንቺ ሥሪው።»

«አይሆንም፤ በእጅዎ ነው የሚሠሩት።»

እሷ እየነገረቻቸው ሠሩት። መጀመሪያ የሠርጉን ቀረጻ ከመሳቢያው አውጥተው ሰኩ፤ ያለቀውንም ሥራ ኮፒ አደረጉ። እቅፉን ወደ ዋናው ፍጥነቱ መልሰው፣ የተሸፈነውን የክሊፕ መጀመሪያ ስበው አወጡ። ሙዚቃውን ቆለፉ። ከዚያ ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሱትና ‹ተከታዮቹን ግፋ› የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። የተሰለፈው ሁሉ እኩል ወደ ቀኝ ፈቀቅ አለ። ጋሽ ቀስ በሉ እጃቸውን ከማውዙ ላይ አንስተው ትንሽ ጠበቁ፤ ምንም አልተበጣጠሰም።

«አሁን መጋጠሚያውን ከነድምፁ እንየው» አለች።

አባት ልጁን በዝግታ አቀፈ። ሲለቃት ምስሉ ወደ ራሱ ፍጥነት ተመለሰ። እጁን ጉንጯ ላይ አድርጎ፣ «ጭራሮዬ፣ ነይ እስኪ እንባሽን ልጥረግልሽ» አላት። ከንፈሩና ድምፁ አንድ ነበሩ።

እናትየዋ መሐረቡን አፋቸው ላይ ያዙ። ጋሽ ቀስ በሉ ወረቀት ስበው በትልልቁ ጽፈው ስክሪኑ ጎን ለጠፉ፦ ኮፒ፣ ቁልፍ፣ ግፋ፣ መጋጠሚያውን ስማ። «እስከ ዛሬ ምን ያህል ሰው ቃል ሸፍኜ ይሆን?» አሉ፤ የጠየቁት ራሳቸውን ነው። ልጅቷ መሳቢያው እንዳለ፣ አንድ በአንድ እንደሚያዩት ነገረቻቸው። እኔም የመምህርነቴ ነገር አላስችል ብሎኝ ጥቅሙን ቆጠርኩላቸው፤ የድሮው ሥራ አይጠፋም፣ ከንፈር ከድምፅ አይለያይም፣ ሙዚቃው አይቆረጥም፣ የወደዱት ዝግታም የማንንም ቃል ሳይወስድ በቦታው ይኖራል። ሰሙኝ መሰለኝ፤ ባይሰሙኝም አልቀየምም።

እናትየዋ ለልጃቸው ደውለው ስልኩን ድምፅ ማጉያው አጠገብ ያዙት። ቪዲዮው ተጫወተ። ከወዲያ በኩል አንድ የተሰበረ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ድገሚልኝ» አለ።

ጋሽ ቀስ በሉ ወደ እናትየዋ ጠጋ ብለው፣ «ይቺን ቃል በዝግታ ላድርጋት እንዴ? ትቆይላታለች» አሉ።

«ይተዉት» አሉ እናትየዋ። «እሱ በተናገረው ፍጥነት ትስማው።»