ውሃ ያስገባው የካሜራ ሽፋን

ክልላችን ገና ሲመሠረት አሶሳ ውስጥ የመንገድ መሥሪያ ቤታችን ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ድልድይ ምሰሶው ከውሃ በታች መሰንጠቁ ተሰማና፣ ጠልቄ ፎቶ እንዳነሳ ታዘዝኩ። ዕቃ ገዢያችን ካሜራና ውሃ አያስገባም የተባለ የፕላስቲክ ሽፋን ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ።

«መጀመሪያ ሽፋኑን ባዶውን ባልዲ ውስጥ ነክረን እንየው» አልኩት።

«አዲስ ዕቃ አታበላሽብኝ! ሻጩ ምሎልኛል» ብሎ ከለከለኝ።

ወንዙ ውስጥ ገብቼ ምሰሶው ሥር ሳልደርስ ሽፋኑ ውሃ ሞላ፤ ካሜራውም ተበላሸ። ስወጣ ዕቃ ገዢው ዳር ላይ ቆሞ፣ «አጥብቀህ አልዘጋኸውም መሰለኝ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «በዚህ ድልድይ ላይ እኮ ሰው ያልፋል!» ብዬ ጮህኩበት። ወዲያው ሰው የጫነ አይሱዙ በላያችን እየተንገጫገጨ አለፈ። ልብሴን እንኳ ሳልለብስ ዳገቱን ሮጬ ወጣሁና መንገዱ መሃል ቆሜ የሚቀጥለውን መኪና ድልድዩ ላይ ሳይወጣ አስቆምኩ።