የእንቁላሏ ሞግዚቶች

እማማ ሱጊየም በዮግያካርታ ከተማ፣ መውለድ ያልቻሉ በሚታከሙበት ክሊኒክ በር ላይ ከዳናር ጋር ድንገት ባይገናኙ ኖሮ፣ በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ቀደው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ዳናር ዛሬ ነጭ ካፖርት ለብሶ ተመራማሪ ይባል እንጂ፣ እሳቸው ያዋለዱት፣ እንግዴ ልጁንም አጥበው በሸክላ ድስት ደጃፍ ያስቀበሩለት የሰፈር ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ያሳደጓት የእህታቸው የልጅ ልጅ ራትሪ ካገባች ስምንት ዓመት መውለድ አቅቷት፣ ነገ እንቁላሏን በመርፌ ሊያወጡላት ቀጥረዋታል። ከእንቁላሉ ጋር የሚወጡትን ሕዋሳት ለጥናት ፍቀጂልን ብለው ወረቀት ሰጧት። እማማ ደግሞ ወረቀቱን ከእጇ ወስደው፣ ከገላ የወጣ ነገር እንደ እንግዴ ልጅ ይቀበራል እንጂ ለባዳ አይሰጥም ብለው ሙጭጭ አሉ። ራትሪ ያለ እሳቸው ምርቃት እንደማትፈርም አሳምረው ያውቃሉ።

ዳናር ይህን ከሰማ በኋላ በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አጠገባቸው ተቀመጠና፣ «ለመሆኑ እማማ፣ እንግዴ ልጅ ለምንድነው የሚቀበረው?» አላቸው።

«ይኼን ያህል ተምረህ ይኼን አታውቅም? የሕፃኑ ታናሽ ወንድም ነዋ። ሲያበላው የከረመውን ሜዳ ላይ ይጥሉታል?»

«እነዚህ ሕዋሳትም የእንቁላሏ ሞግዚቶች ናቸው፤ ከበው የሚያበሏት እነሱ ናቸው። ከቀበርናቸው ግን የሚያውቁትን ሳይነግሩን ይሞታሉ።»

ከዚያም በትዕግሥት አስረዳቸው። በየሕዋሱ ውስጥ የሥራው ትእዛዝ የተጻፈበት ዘረመል እንደ ድውር ክር ተጠቅልሎ ይገኛል። ክሩን እዚህ የሚያላላ፣ እዚያ የሚያጠብቅ፣ የትኛው ትእዛዝ እንደሚነበብ የሚወስን ኢንዛይም አለ። እሱ ከሰነፈ ሞግዚቶቹ ሥራቸውን ይዘነጋሉ፤ እንቁላሏም በወጉ ላትበስል ትችላለች። እነ ዳናር የሚያጠኑት ይህንኑ ነው።

«ታዲያ ይኼን ብታውቁ የኔ ልጅ ትወልዳለች?»

«ትወልዳለች ብዬ አልዋሽዎትም። ለሷ ላይደርስ ይችላል፤ ከሷ በኋላ ለሚመጡት ግን ይደርስ ይሆናል።»

አለመዋሸቱን ወደዱለት። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ሲያዋልዱ ኖረው አንድም የራሳቸው አልነበራቸውም፤ ባላቸውም መካን ብሎ ሌላ አግብቶባቸዋል። ይህን ለማንም አንስተው አያውቁም ነበር።

«ያ የምትለው ነገር፣ እኔም ጋ ሰንፎ ይሆን?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ከባልዎም ሊሆን ይችላል። ማንም መርምሮ አላየም፣ እማማ።»

እውነት ነው፤ ማንም አላየም። የመመርመር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ሐኪም መድኃኒቱን ገና ሲፈልግ እንኳ፣ ሴቲቱ ከሰው ሐሜት ታርፋለች። ባልም ሚስቱን ከመክሰሱ በፊት ራሱን ያስመረምራል። ልማድም ቢሆን ክብሩን አያጣም፤ ከጥናቱ የሚተርፈው ሕዋስ ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጣል እማማ ዳናርን ቃል አስገብተውታል።

ከዚያ ተነሥተው ራትሪ ክሊኒኩ ውስጥ ወደተቀመጠችበት ሄዱ፤ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖሩላትና ራሷን ዳበሱት።

«ፈርሚ፣ ልጄ። እኔን ሳያዩ ነው የፈረዱብኝ፤ አንቺን ግን ይዩሽ።»