በጉራጊኛ የተጻፈው የቤት ሥራ

ወልቂጤ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ የአፍሪካ ደራሲያን ከተነሱ እኔን የሚያስቆመኝ አልነበረም። አንድ ቀን ጠረጴዛውን እየደበደብኩ፣ «አፍሪካዊ ደራሲ በእናቱ ቋንቋ ካልጻፈ ለማን ሊጽፍ ነው?» አልኩ። በሳምንቱ አንዲት የእምድብር ልጅ የቤት ሥራዋን አጭር ልብወለድ በጉራጊኛ ጽፋ አመጣች። እኔ ደግሞ ጉራጊኛ አልችልም። «ይሄን እንዴት ነው የማርመው? ወደ አማርኛ ቀይሪና አምጪ» ብዬ መለስኩላት። ቀይራ አመጣች፤ ጥሩ ማርክም ሰጠኋት።

ባለፈው ቡታጅራ መናኸሪያ አገኘኋትና፣ «መጻፉስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ትቼዋለሁ፣ ቲቸር።»

ክው አልኩ። «ምነው?»

«የጉራጊኛውን ሳነብላት እናቴ በሳቅ ፍርስ ብላ ነበር። የአማርኛውን ግን ዝም ብላ ሰማችኝና፣ ‹ይሄስ የማን ነው?› አለችኝ።»