የመዝገቡ ኅዳግ

የከተማው መዝገብ እንዲህ ይላል፦ «የሰዓት ጠጋኙ ቤተሰብ፣ አምስት ነፍስ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ቤታቸውን አስረክበው ከአገር ወጥተዋል።» ልብስ አጣቢዋ አሮጊት ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «ማለዳ ነበር። የጭነት መኪና መጣ። አምስቱንም እያዋከቡ ጫኗቸው። ሻይ ጥደው ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን ከእሳት ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። በፈቃዱ የሚሄድ ሰው ሻይ ጥዶ ይሄዳል እንዴ?»

ሁለቱን ቃሎች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን የጻፈችው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። በመካከላቸው በማስመሪያ መስመር አስምራ፣ ከታች «የትኛው ነው እውነቱ? በምን እናውቃለን?» ብላለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ መጠየቅ ስለማይታክታት አያቷ «ጠያቂዋ» ይሏታል። ደብተሩን ወላጅ ጥናቱን ከሚፈቅድበት የትምህርት ቤት ወረቀት ጋር በአያቷ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠችው ሦስት ቀን ሆነ። ወረቀቱ የሚመለሰው ነገ ነው። አያቷ ግን አልፈረሙም።

አያትየው መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ያንን መዝገብ ከአርባ ዓመት በፊት የጠረዙት እሳቸው ነበሩ፤ ይህንንም ለልጅቷ ነግረዋት አያውቁም።

በዚያ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የሱቁን ጣሪያ ቀስ እያለ ይደበድብ ነበር። ክፍሉን የሙጫ ሽታ ሞልቶታል። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ግራጫና ለስላሳ ስለሆነ፣ በየመደርደሪያው ያሉት መጻሕፍት ከውሃ በታች የተኙ ይመስላሉ። ሽማግሌው መርፌያቸውን እንደያዙ ሸለብ ሲያደርጋቸው ከመንገዱ ማዶ ሰዓቶች ሁሉ አንድ ላይ ሲደውሉ ሰሙ። ነቃ ብለው አዩ። ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ነው። የሰዓት መጠገኛው ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል፤ ለእሳቸው ግን በዝናብ ቀን ዛሬም ይደውላል።

በዚህ መሐል አንድ ወጣት ከረጢቱን በኮቱ ሸፍኖ እየሮጠ መጣና ከበሩ ሥር ተጠለለ።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉት። «አንተ ብትረጥብ ትደርቃለህ፤ የያዝካቸው መጻሕፍት ግን ያብጣሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ለነገሩ ጠራዥ እየፈለግኩ ነበር።»

ሽማግሌው ከከረጢቱ የወጣውን የተገነጠለ አትላስ ገልጠው የትምህርት ቤቱን ማኅተም አዩ። ከዚያ የወጣቱን ጸጉር አዩ፤ ዝናቡ እንኳ ሊያስተኛው አልቻለም።

«የታሪክ መምህሩ አንተ ነህ?»

«ነኝ። በምን አወቁኝ?»

«የልጅ ልጄ ስለ ጸጉርህ ነግራኛለች። ወረቀቱን ያልፈረምኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። እንግዲህ ሙግቱን እንጀምር ወይስ ሻይ ልስጥህ?»

«ሁለቱም ቢሆን አልጠላም» አለ መምህሩ እየሳቀ።

ሻዩ ተቀዳ። ሽማግሌው አትላሱን በመጭመቂያው ውስጥ አስገብተው እያጠበቁ ጀመሩ። «እኔ ልጄን ትምህርት ቤት የምሰዳት ሒሳብና ቋንቋ እንድትማር ነው። እሷ ግን ባለፈው ወር እራት አቅርቤላት፣ እኔ እንኳ ሳልወለድ ባሕር ማዶ ለተገደለች ሕፃን አለቀሰች። የራሳችን ሐዘን አንሶን ነው?»

«ምን ብላ አለቀሰች?»

«ሕፃኗ ፒያኖ መለማመድ ትጠላ ነበር አለችኝ።»

መምህሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይህንን ያገኘችው ራሷ ነች፤ የሕፃኗ አክስት ከጻፈችው ደብዳቤ። እኔ አልነገርኳትም። አባቴ፣ በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ስሕተት ሠርቻለሁ። ስለ ሆሎኮስት ሳስተምር የሬሳ ክምር ፎቶግራፍ አሳየኋቸው። ከፊሎቹ እንቅልፍ አጡ። ከፊሎቹ ሳቁ፤ ከፍርሃት የመጣ ሳቅ ነበር። የተማሩት ነገር አልነበረም። እርስዎ እንደፈሩት፣ ለልጅ የማይገባ ነገር ነው ያሸከምኳቸው።»

ሽማግሌው ይህን አልጠበቁም ነበር።

«ከዚያ ወዲህ» ቀጠለ ወጣቱ፣ «አንድ ተማሪ ከተጎጂዎቹ አንድ ሰው ይዞ ይመረምራል። የት ይኖር እንደነበር፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ከዚያም መብቱ በምን ቅደም ተከተል እንደተወሰደበት። ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያንን ገደሉ ስላቸው፣ በአንድ ጀምበር የተነሣ አውሬ ይመስላቸዋል። ሲመረምሩ ግን ሌላ ነገር ያገኛሉ። መጀመሪያ ከሥራ ተባረሩ። ዜግነታቸው ተነጠቀ። ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ወጡ፤ በመናፈሻ ወንበር አትቀመጡ ተባሉ። ስማቸው ተመዘገበ። መዝጋቢ ነበረ፣ ማኅተም የሚመታ ነበረ፣ የባቡሩን ሰዓት የሚያወጣ ነበረ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በእጃቸው ሰው ገድለው አያውቁም። ሥራችንን ሠራን ነው ያሉት።»

የሽማግሌው እጅ በመጭመቂያው ላይ ቆመ።

«ሙያ ያስተማሩኝ አለቃዬ» አሉ፣ «ጠራዥ አያነብም ይሉኝ ነበር። ዓይንህን ከስፌቱ አታንሣ፤ የጽሑፉ ነገር የባለቤቱ ነው ይሉኛል። ስልሳ ዓመት በዚህ ነው የኖርኩት። ይህም ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። እኔም ብሆን ደብዳቤዬን ለሚያነብ ጠራዥ አልሰጥም። ሰው ሲያምንዎት የቆየው በዚህ ሕግ ነው። ግን አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ሰው የሚጎዳ ቢሆን፣ ያው ሕግ ዓይንዎን ይሸፍንብዎታል። ልጆቹ ያ ቀን ሲመጣ እንዲያውቁት ነው የምፈልገው።»

«ደግ። የባሕር ማዶውን ይማሩ እሺ። የዚህን መንገድ ጉድ መቆፈሩ ግን ምን ይሉታል? የሰዓት ጠጋኙን ቤት የወረሱት ሰዎች ልጆች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሰላምታ እንለዋወጣለን። ነገ ልጆችህ ዐደባባይ ሲያወጡት እኮ ዓይን ለዓይን መተያየት ሊቀር ነው።»

«ይህንን እኔም እፈራለሁ» አለ መምህሩ። «ለዚህ ነው ወላጅ ሳይፈቅድ የማንጀምረው። ደግሞ አናመሳስልም። እዚያ የሆነው አንድን ሕዝብ ከምድር ለማጥፋት ነው፤ እዚህ የሆነው ሌላ በደል ነው፤ ስማቸውን አናደባልቅም። ከዚያ የምንወስደው አጠያየቁን ነው። ማን ጻፈው? ማን አየ? የቱ ማስረጃ ከየቱ ይጋጫል? ልጆቹ አይፈርዱም፤ የማያውቁትንም አላወቅንም ብለው ይጽፋሉ። በመጨረሻ የሰብአዊ መብቶችን መግለጫ እናነባለን። ማንም ሰው ዜግነቱን በዘፈቀደ አይነጠቅም የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ ፒያኖ የምትጠላዋ ሕፃን ትታያቸዋለች። እንዲሁ በቃል ቢያጠኑት ግን በፈተናው ማግስት ይረሱታል።»

ሽማግሌው ሊመልሱ ሲሉ ወጣቱ ቀደማቸው።

«ለማንኛውም አባቴ፣ ስለ ፊርማው ብዙ አይጨነቁ። ልጅቷ ርዕሱን ልትተወው ነው።»

«ማን? ጠያቂዋ?»

«ትናንት ብቻዋን መጣች። የዚያን ዓመት መዝገብ በማስመሪያ ለካሁት አለችኝ። ከሌሎቹ ዓመታት ጥራዞች ኅዳጉ በሁለት ጣት ይጠባል፤ ከተጻፈ በኋላ የተቆረጠ ነው አለች። እኔ ሃያ ጊዜ ገልጬው አላየሁትም። ጎበዝ፣ ማን እንደጠረዘው ብናገኝ ደግሞ ብዬ ሳልጨርስ ፊቷ ተለዋወጠ። ጥቂት ቆይታ ስለ ድልድዩ ታሪክ ብሠራስ አለችኝ። ለምን ብላት፣ እንዲሁ ነው አለች። ያቺ ልጅ እንዲሁ ነው ስትል ሰምቼ አላውቅም።»

ሽማግሌው ወዲያው ገባቸው። ስፌቱን አይታዋለች። በእሳቸው እጅ የተሰፋ ጥራዝ ሁሉ መጨረሻው ላይ ክሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ ይቋጠራል፤ ያንን ቋጠሮ በሰባት ዓመቷ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። አውቃለች። አውቃም ለእሳቸው ስትል አፏን ዘግታለች።

አርባ ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ የያዙት ዝምታ አብሯቸው መቃብር የሚወርድ መስሏቸው ነበር። አሁን ግን ሳያስቡት ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲያወርሱት አዩ። ልጅቷ ገና አሁን እንዲሁ ነው ማለት ከጀመረች፣ ነገ አዋቂ ሆና አንድ ሰው ወረቀት ሰጥቷት ቁረጪ ቢላት ትቆርጣለች። እሳቸውን ያሳመናቸው ከመምህሩ ክርክር ሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

«የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

መምህሩ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ።

«የመዝገብ ቤቱ ሹም ኅዳጉን ሁለት ጣት ያህል ቁረጠው አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ቢላዋዬን ስዬ ቆረጥኩ። አንዱ ቁራጭ እጄ ላይ ተጠቀለለ፤ በእርሳስ የተጻፈ ነበረው። ያን ቀን አነበብኩ፤ አንድ መስመር ብቻ። በግድ ተጫኑ ይላል። አንድ ጸሐፊ፣ ፈርቶም ቢሆን፣ ዳር ላይ ጽፎት ኖሯል። ሌሎቹን ለማንበብ ወኔ አጣሁ።»

«ቁራጮቹን ምን አደረጓቸው?»

ሽማግሌው ከመደርደሪያው ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረዱ። ልጅቷ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ የምትገልጠው ነው፤ ጠርዙ በጣቶቿ ወዝ ጠቁሯል። ጀርባውን በቀስታ ዳበሱት። «ጠራዥ ወረቀት አይጥልም። የመጽሐፍ ጀርባ እንዳይላላ ከውስጥ በቁራጭ እንለብጠዋለን። እዚህ ውስጥ ናቸው። ልደብቃቸው ይሁን ላተርፋቸው፣ እስከ ዛሬ ራሴም አላውቅ።»

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተና ጠያቂዋ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች። መምህሯን፣ ቀጥላም በአያቷ እጅ ያለውን መዝገበ ቃላት አየች።

«አባባ፣ ወረቀቱን ተወው» አለች ቶሎ ብላ። «ርዕስ ቀይሬያለሁ። ድልድዩም ጥሩ ነው።»

«ድልድዩ የትም አይሄድም፤ ሌላ ጊዜ ትጠይቂዋለሽ።» ብዕራቸውን አነሡና ፈረሙ። «ቋጠሮውን አይተሻል አይደል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አዎ ብትለኝስ ብዬ።»

ዝናቡ እያባራ ነበር። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደብተር፣ በመስመር የተለያዩትን ሁለት ቃሎች ነካቸው። ከመንገዱ ማዶ ሰዓት የሚደውል መሰላቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩም።

«አዎ ነው መልሱ» አሉ። «ስለዚህ ነገ ወረቀቱ ብቻውን አይመጣም። መምህር፣ ከፈቀድክልኝ ቢላዋዬንና ሙቅ ውሃ ይዤ ክፍልህ እመጣለሁ። የዚህን መጽሐፍ ጀርባ በልጆቹ ፊት እከፍታለሁ፤ እንዴት እንደቆረጥኩትም እነግራቸዋለሁ። ሙጫው ሲለቅ ደግሞ፣ አንቺ አጠገቤ ትቆሚያለሽ፣ እኔ ቁራጮቹን አነብባለሁ።»